የኤሪክ ካርልን ልደት ከልጆቼ ጋር እንዴት አከበርን?

የልጆች መጻሕፍት ደራሲና ሠዓሊው ኤሪክ ካርል የተወለደው ሰኔ 18 (እ.ኤ.አ. ጁን 25 ቀን 1929) ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳተመውን የተራበውን አባጨጓሬ ታሪክ ልጆቼ በቃላቸው ይወጡታል። ኬክና ፊኛውን ትቼ፣ ሰውየው ራሱ እንዴት ይሠራ እንደነበር እንሞክር አልኩ።

ካርል ሥዕሎቹን የሚሠራው መጀመሪያ ስስ ወረቀት ቀለም ቀብቶ፣ ሲደርቅ እየቆረጠ በማጣበቅ ነበር። ስለዚህ እኛም ወረቀት በመቀባት ጀመርን። ትንሿ ልጄ «ምን ልሳል?» እያለች አስቸገረችኝ። «ምንም አትሳይ፤ ዝም ብለሽ ቀቢው» አልኳት። ነገሩ የገባት ወንድሟ እርጥቡን ቀለም በማበጠሪያ ጥርስ ሲጭረው ስታይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማበጠሪያውን መቀማት ሆነ። ለሚሞክር ሰው፦ ውኃ የበዛበት ቀለም ስሱን ወረቀት ይቀደዋል፣ ወፈር ያለ አክሪሊክ ቀለም ይሻላል። ከሥር ደግሞ ፕላስቲክ አንጥፉ፤ ጋዜጣ ከሆነ ተጣብቆ ይቀራል።

ቀለሙ እስኪደርቅ ከቤት ወጣን። ካርል ልጅ ሳለ አባቱ ሽርሽር እየወሰደው ድንጋይ እያነሣ ከሥሩ ያሉትን ነፍሳት ያሳየው፣ ከዚያም በጥንቃቄ ወደ ቦታቸው ይመልሳቸው ነበር። እኛም እንዲሁ አደረግን። ለልጆቹ የከበዳቸው መመለሱ ነው፤ «ጉንዳኖቹ ሳይጨፈለቁ ድንጋዩ እንዴት ይቀመጣል?» የሚለው ብቻ ብዙ አከራከራቸው። እንደ እኔ ከሆነ የቀኑ ምርጥ ክፍል ይኼ ነበር።

ስንመለስ ወረቀቶቹን በየቀለማቸው ለይተን ደረደርን። ትንሿ ሐምራዊውን ወረቀት አንሥታ ውሻ መቁረጥ ስትጀምር ታላቁ «ሐምራዊ ውሻ የት አለ?» ብሎ ተቆጣ። ይኼኔ ስለ ካርል መምህር ነገርኳቸው። ካርል በናዚ ዘመን ጀርመን ሲማር የሥዕል መምህሩ መንግሥት የከለከላቸውን፣ የነገሮችን የተፈጥሮ ቀለም የማይከተሉ ዘመናዊ ሥዕሎች በድብቅ አሳይቶት ነበር። ታሪኩን ጠዋት ቁጭ አድርጌ ብተርክላቸው ኖሮ ማንም አይሰማኝም ነበር። በጠቡ መሀል ሲመጣ ግን ታላቁ መቀሱን አስቀምጦ «መምህሩን ቢይዙትስ?» አለ። መቀስን ካነሣሁ አይቀር፣ ወላጆች፣ «ላስተካክልልህ» አትበሉ፤ የተንጋደደ ጆሮ ሥዕሉን ሕይወት ይሰጠዋል።

የመጨረሻው ሥራችን በወረቀት መብሻ የተሠራ ነው። ካርል የአባጨጓሬውን ታሪክ ያገኘው ወረቀት ሲበሳ ቀዳዳዎቹን አይቶ መጽሐፍ የሚበላ ትል ታስቦት ነው፤ ትሉ አባጨጓሬ ይሁን ያለችው አርታኢው ናት። ለልጆቹ የተበሳ ወረቀት ሰጥቼ «ይኼን ማን በሳው?» አልኳቸው። ታላቁ የአውቶቡስ መስኮት አደረጋቸው፤ ትንሿ «ዝናብ ነው የበሳው» ብላ ጃንጥላ ለጠፈችበት። በሚቀጥለው ሰኔ የምንጀምረው በዚህ ነው፤ ቀለም አይፈልግ፣ እስኪደርቅ አያስጠብቅ።