«መድኃኒት አይደለም»

ደሴ ላይ ከፋርማሲ ባንኮኒ ጀርባ ስቆም ዘጠነኛ ዓመቴ ነው። በነዚህ ዓመታት ስንት ነገር ተናግሬያለሁ። እስካሁን እንቅልፍ የሚነሱኝ ግን ሁለት ቃላት ናቸው።

የነገርኳቸው ለአንዲት የሐይቅ እናት ነው። ሰኞ ገበያ ውለው ሲመለሱ ጎራ ይሉብኛል። አንዳንዴ ለልጅ ልጃቸው የሳል ሽሮፕ ይገዛሉ፣ አንዳንዴ አረፍ ብለው ይሄዳሉ። ለራሳቸው ኪኒን ገዝተው አያውቁም። የሚያማቸው ጉልበታቸው ብቻ ነበር።

ጥር ላይ ከፌስታላቸው አንድ ነጭ ጠርሙስ አወጡ። አረንጓዴ ቅጠልና የቀላ ጉልበት ተስሎበታል።

«ልጄ ከጅዳ ልካልኝ ነው፤ ለጉልበትሽ ይሆናል ብላ። እስቲ እየው፣ መድኃኒት ነው?»

ሌብሉን አነበብኩት። ግሉኮሳሚን፣ ኮላጅን፣ እርድ። ከታች በደቃቅ ፊደል ደግሞ፣ ይህ ምርት በሽታን ለመመርመር፣ ለማከም፣ ለማዳንም ሆነ ለመከላከል አይደለም ይላል። ወረፋ ነበረብኝ።

«አብሽሩ እማማ፣ መድኃኒት አይደለም። እንደ ምግብ ነው» አልኳቸው።

መርቀውኝ ሄዱ።

በሚቀጥለው ሰኞ መጡ። ፊታቸው ፈክቷል። «ሦስት ቀን አልፈጀም ልጄ! ወንበር ላይ ነበር የምሰግደው። አሁን ቆሜ እየሰገድኩ ነው፣ አልሐምዱሊላህ» አሉኝ። እኔም ከልቤ ደስ አለኝ።

እዚህ ጋ ነበር መንቃት የነበረብኝ። የኛን ሥራ የሚያውቅ ይገባዋል። ግሉኮሳሚን በሦስት ቀን ጉልበት አይፈታም። ይሠራል የሚሉት እንኳ ሳምንታት ጠብቁ ነው የሚሉት። የታመመን ሰው በሦስት ቀን የሚያስነሳው፣ የምግብ ፍላጎቱን የሚከፍተው፣ ፊቱን የሚሞላው ሌላ ነገር ነው። ዴክሳ! ሙሉ ስሙ ዴክሳሜታሶን ነው፣ እብጠትና ሕመም የሚያበርድ ጠንካራ ስቴሮይድ። ጓዳችን ውስጥ አለ፤ በየቀኑ በማዘዣ እሰጠዋለሁ። ከወር በኋላ ፊታቸው ክብ ብሎ ሲመጡ ግን «ተስማማዎት» አልኳቸው። ሰፈሩም እንደዚያው ይላቸው ነበር።

ጠርሙስ በጠርሙስ እየተተካ አራት ደረሰ። ግንቦት ላይ ከጅዳ የሚመጣ ሰው ጠፋና መድኃኒቱ ተቋረጠ። መድኃኒቱ ስል አሁን ነው።

በሳምንት ውስጥ ወደቁ። ማስመለስ፣ ማዞር፣ ከአልጋ መነሳት አለመቻል። የደም ግፊታቸው ወርዶ ሆስፒታል ገቡ። ተቀባዩ ሐኪም እንደ ደንቡ «የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» አላቸው። «የለም» አሉ። ካርዱ ላይ «ምንም» ተብሎ ተጻፈ። ሁለት ቀን ሙሉ ወባ ነው፣ ታይፎይድ ነው፣ ጨጓራ ነው ሲባል ቆየ። በሦስተኛው ቀን አንድ ስፔሻሊስት ፊታቸውንና ክንዳቸው ላይ የበለዘውን ቆዳ አይቶ ቤተሰቡን ደግሞ ደጋግሞ ጠየቀ። ያኔ የልጅ ልጃቸው ባዶውን ጠርሙስ ከቤት ይዛ መጣች። የደም ግፊትን ደግፎ የሚይዘው ሆርሞን፣ ኮርቲሶል፣ ሲለካ በጣም ዝቅ ብሎ ተገኘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮርቲሶልን የሚያመርቱት ከኩላሊት በላይ ያሉ ዕጢዎች ናቸው። ዴክሳን የመሰለ ስቴሮይድ ከውጭ ለወራት ሲገባ እነሱ ሥራ ያቆማሉ። የውጭው በድንገት ሲቋረጥ ወዲያው አይነቁም፤ ሰውነት ያለ ኮርቲሶል ይቀራል። ለዚህ ነው ለወራት የተወሰደ ስቴሮይድ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ የሚቆመው። ግሉኮሳሚንም እርድም ይህን አያደርጉም። በ2022 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለመገጣጠሚያ ተብለው የሚሸጡ አንዳንድ ማሟያዎችን (ሰፕሊመንቶችን) መርምሮ ሌብላቸው ላይ ያልተጻፈ ዴክሳሜታሶንና ዲክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ አግኝቶባቸዋል። ሰዎች ተጎድተው ነው ማስጠንቀቂያው የወጣው።

ወደ ፋርማሲው የመጡት ከሆስፒታል በወጡ በሁለት ሳምንት ነው። በእጃቸው ቀስ በቀስ እየተቀነሰ የሚቆም ስቴሮይድ፣ የፕሬድኒሶሎን ማዘዣ ይዘዋል። ልጃቸው ደግፏቸው ወንበር ላይ አረፉ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ድምፃቸው ግን እንደ ወትሮው ነው።

«ሐኪሙ መድኃኒት ይወስዳሉ ወይ አለኝ። የለም አልኩት። አንተ እኮ መድኃኒት አይደለም ብለኸኛል።»

«አዎ እማማ፣ ብያለሁ።»

«ታዲያ ዋሸሁ?»

«አልዋሹም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

«አንተማ የተጻፈውን ነው ያነበብክልኝ» አሉና እጄን ያዙት። እሱ የባሰ አመመኝ።

የተጻፈውን ማንበቤ እውነት ነው። ምን እንደማነብ ግን አላወቅኩም ነበር። ያቺ ደቃቅ ዓረፍተ ነገር ከአሜሪካ የመጣች የሕግ ቃል ናት። በ1994 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ሕግ ማሟያን እንደ መድኃኒት ሳይሆን እንደ ምግብ ነው የሚያየው። ስለዚህ አምራቹ ከመሸጡ በፊት እንደ መድኃኒት አምራች አስመርምሮ ፈቃድ አያወጣም። በምትኩ «ለመገጣጠሚያ ጤና ያግዛል» ብሎ ከጻፈ፣ በሽታ ለማከም አይደለም የምትለዋን እንዲጨምር ይገደዳል። ዓረፍተ ነገሯ የምትለው ምርቱ በየትኛው ሕግ ሥር እንደተሸጠ ነው። እንክብሉ ውስጥ ስላለው ነገር አንዲት ቃል አትናገርም። እኔ ግን እንደ ላቦራቶሪ ውጤት አነበብኩላቸው።

ድንበሩ ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ የገዛ ፋርማሲዬን ማየት በቂ ነበር። ፎሊክ አሲድ 5 ሚሊግራሙ በማዘዣ ነው የሚወጣው። 400 ማይክሮግራሙ የነፍሰ ጡር ፎቶ ባለበት ማሸጊያ ሼልፍ ላይ ቆሟል። አይረን በጤና ጣቢያ መድኃኒት ነው፤ እኛ ጋ በሚያምር ጠርሙስ ቫይታሚን ይባላል። ዶክሲሳይክሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ የሚወስድ ሰው አብሮ ከዋጠው ግን የቱም ቢሆን የመድኃኒቱን ሥራ ይቀንስበታል። ሆድ ሌብል አያነብም።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ያልሸጥነው የሻንጣ ዕቃ ነው፣ ምን አገባን?» አለችኝ። እሷው የካርዱን «ምንም» የጻፈውን ወጣት ሐኪም ስትወቅስ ነበር። እኔ ያንን ልጅ መውቀስ አልቻልኩም። እሱ ትክክለኛውን ጥያቄ ጠይቆ የኔን መልስ ነው የጻፈው።

የከበደኝ ግን ልጅቷ ናት። ከጅዳ በኢሞ ደወለች። የሰው ቤት ሠርታ ባገኘችው ብር ነው የገዛችው። «ለእናቴ መርዝ ላኩ?» ብላ አለቀሰች። «የላክሽው እናትሽ ቆማ እንድትሰግድ ብለሽ ነው። ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ» አልኳት። ከዚያ በላይ ቃል አጣሁ።

አሁን «መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብዬ አልጠይቅም። «የሚውጡት፣ የሚጠጡት፣ የሚቀቡት ምን ምን አለ?» እላለሁ። ወረፋ ሲበዛ ግን አሮጌዋ ጥያቄ አሁንም ታመልጠኛለች። ባለፈው ሳምንት ብቻ ሁለቴ ራሴን ይዣለሁ።

እማማ አሁንም ሰኞ ሰኞ ይመጣሉ። ፕሬድኒሶሎኑ እየተቀነሰላቸው ነው፤ ወንበር ላይ ወደ መስገድ ተመልሰዋል። ባለፈው ሰኞ ፌስታላቸውን ባንኮኒው ላይ ዘረገፉት። የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ በጨርቅ የተቋጠረ ደረቅ ቅጠል፣ ጎረቤት የሰጠቻቸው ግማሽ የቫይታሚን ጠርሙስ። ዘይቱን አንስተው ወደ ብርሃኑ ያዙት።

«ይሄስ መድኃኒት ነው?»

ወረፋው ረጅም ነበር። ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።