ዘይት ባከፋፈልንበት ቀን የተነሳነው ፎቶ

ደሴ ውስጥ አቅመ ደካማ አረጋውያንን የሚረዳ ትንሽ ማኅበር አለን። ገንዘቡ በአብዛኛው የሚመጣው አሜሪካ ካሉ የወሎ ልጆች ነው። እነሱም እዚያ በበጎ አድራጎት ተመዝግበው ከግብር ነፃ ናቸው። «ፋይቭ ኦ ዋን ሲ ስሪ» ይሉታል።

የእኛ ምዝገባ አላስቸገረንም። መተዳደሪያ ደንብ ጻፍን፣ ተመዘገብን፣ የባንክ ሂሳብ ከፈትን፣ ማህተም አስቀረጽን። የጎዳን ሌላ ነው። ያኔ አንድ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ ብዬ ነው አሁን የምጽፈው።

በ2013 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 24፣ ኢድ ደግሞ ግንቦት 5 ዋለ። ስለዚህ የሁለቱንም በዓል መዋያ በአንድ ቀን አከፋፈልን፤ ዘይትና ዱቄት። ምርጫው ሰኔ 14 ስለነበር ከተማው ቅስቀሳ በቅስቀሳ ሆኗል። አብሮ አደጌ እጩ ነበር። የፓርቲውን ቲሸርት እንደለበሰ ሰላም ሊለኝ መጣ። አንዱን ጀሪካን ከእጄ ተቀብሎ ለአንዲት እናት ሰጣቸው። ከኋላው የማኅበሩ ባነር ተሰቅሏል፤ ጥጉ ላይ የአሜሪካው ማኅበር አርማ አለ። አንድ ልጅ ፎቶ አነሳን።

ማታ ፎቶውን በማኅበሩ ፌስቡክ ገጽ ለጠፍኩት። ከሥሩ «ወንድማችን፣ ድምፃችን ላንተ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

«ድምፃችን»። የማን ድምፅ? ማኅበሩ ድምፅ የለውም። አባላቱን አልጠየቅኩም። ያቺን ቃል ዛሬም ሳስባት ያመኛል።

ሌሊት ስልኬ ጮኸ። አሜሪካ ያለችው ገንዘብ ያዣቸው ናት፤ የሰኞ ገበያ ልጅ ነች። «ወንድሜ፣ አሁኑኑ አውርደው!» አለችኝ። አወረድኩት። ግን ስክሪንሾቱ ቀድሞ ዞሯል።

ያስረዳችኝ እሷ ናት። በእነሱ ሕግ ከ1954 (በፈረንጆች) ጀምሮ፣ ያኔ ሴናተር የነበረው ሊንደን ጆንሰን ባስገባው ማሻሻያ፣ ከግብር ነፃ የሆነ በጎ አድራጎትም ሆነ ቤተ እምነት እጩን መደገፍም መቃወምም አይችልም። ኒውዮርክ ግዛት ቢንግሃምተን ያለ አንድ ቤተ ክርስቲያን በ1992 ቢል ክሊንተንን የሚቃወም የጋዜጣ ማስታወቂያ አወጣ። በ1995 ከግብር ነፃ የመሆን መብቱን ተነጠቀ። በ2000 የይግባኙ ፍርድ ቤትም አጸናበት። «ምርጫው እኮ የኢትዮጵያ ነው» ብዬ ተከራከርኩ። ጠበቃቸው ግን ሕጉ እጩ ሲል የአሜሪካ ብቻ ብሎ አልለየም አለ። ገንዘቡ ታገደ።

ሁለት ነገር ጠየቁን፤ ቃለ ጉባኤና ከሚመለከተው ቢሮ ወገንተኛ አለመሆናችንን የሚገልጽ ደብዳቤ። ቃለ ጉባኤው በአንድ ቀን አለቀ። ለደብዳቤው አራት ጊዜ ተመላለስኩ። መጀመሪያ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»። ቀጥሎ «ይሄ እኛን አይመለከትም»። በሦስተኛው ቀን ባለሙያው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለመሆኑ እጩው የማን ነው?» አለኝ። ደሜ ፈላ። ወገንተኛ አይደለንም የሚል ወረቀት ልጠይቅ ሄጄ ወገኔን ይጠይቀኛል! ደብዳቤው የወጣው ከምርጫው በኋላ ነው። ገንዘቡ ሲለቀቅ ሐምሌ እያለቀ ነበር።

በመሀል የሰኔው ድጎማ ቀረ። ጀሪካኑን የተቀበሉት እናት መጡ፤ ባዶ እጄን ቆምኩ። «አብሽር ልጄ፣ አላህ ያውቃል» ብለው እኔን አጽናንተው ተመለሱ።

በኋላ ሥልጠና ላይ «በምርጫ ሰሞን ዝም በሉ» ሲሉን አልተስማማሁም። ዝምታ ሕጉ የጠየቀው አይደለም። አገር በቀል ድርጅት ከምርጫ ቦርድ ፈቃድ አውጥቶ የመራጮች ትምህርት መስጠት ይችላል። ስለ ውሃ፣ ስለ ጤና መድን፣ ስለ አረጋውያን ጡረታ ተናገሩ። የአሜሪካውም ሕግ ይህን በልክ ይፈቅዳል። የሰው ስምና የፓርቲ ምልክት ጋ ስትደርሱ ግን አቁሙ።

«የግል አስተያየቴ ነው» ብሎ መጻፍ ይበቃል የሚሉም አሉ። እዚያ አገር ኃላፊው በግሉ መናገሩ አልተከለከለም። ደሴ ላይ ግን እኔ ዳቦ ስገዛም የማኅበሩ ሰብሳቢ ነኝ። ሰብሳቢ ከሆንክ በግልህም ተወው።

በ2017 ዓ.ም. ክረምት የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት፣ ቤተ እምነት በአምልኮ ላይ ለራሱ ምእመናን ስለ እጩ ቢናገር ክልከላው አይመለከተውም የሚል አቋሙን ለፍርድ ቤት አቅርቧል። ይህን የሰሙ ወዳጆቼ «ሕጉ ላልቷል» ይሉኛል። ለእኛ አልላላም። እኛ ዘይት አዳዮች ነን፤ ያ አቋም የሚመለከተው ቤተ እምነቶችን ነው።

አሁን እጩ ሲመጣ ቡና እናቀርብለታለን፣ ፎቶ ግን የለም። ባነሩን ጠቅልለን ነው የምናከፋፍለው። የገጹን የይለፍ ቃል የያዙት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ እኔ የለሁበትም።