ዓሣ ዓሣ ካላለ ምን ሊል ነው?

ቱሉ ዲምቱ፣ ከአደባባዩ አለፍ ብሎ ባለ አንድ ምግብ ቤት ሦስት ዓመት በምግብ አብሳይነት ሠርቻለሁ። የቤቱን ስም አልጠራም። ባለቤቱ ዛሬም በሩ ላይ ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል፤ እኔም አልፎ አልፎ በዚያ በኩል አልፋለሁ።

ነገሩ የሆነው በሁዳዴ ነው። በሁዳዴ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፤ ጠባሾቹ ወደ አገራቸው ይሄዳሉ፤ የቤቱ ገቢ በሽሮ፣ በበያይነቱና በዓሣ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። ዓሣ በሁዳዴ ይበላል፣ አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እተዋለሁ። ደንበኛው ግን ያዝዛል።

በሌላ ጊዜ ዓሣችን ከዝዋይ ነበር የሚመጣው፤ 160 ኪሎ ሜትር ያህል በበረዶ ተጭኖ ጠዋት ይደርሳል። በዚያ ዓመት ግን ባለቤቱ ዋጋ ሊጨምር ነው የሚል ወሬ ሰማና ከቅበላ በፊት ከአንድ ነጋዴ 60 ኪሎ የቀዘቀዘ የቆሮሶ ፊሌቶ ገዛ። «ጾሙን በሙሉ ተገላገልን» አለኝ። ከረጢቶቹን ሳነሣቸው የእያንዳንዱ ሥር የጣት ውፍረት ያለው ወደ ቢጫ የሚያደላ በረዶ ነበረው፤ የታችኞቹ ፊሌቶዎች በዚያ ውስጥ እንደ ድንጋይ ተጣብቀዋል። አንድ ጊዜ ብቻ የቀዘቀዘ ዓሣ እንዲህ አይሆንም። ቀልጦ፣ ውኃው ወደ ታች ወርዶ፣ እንደገና ሲረጋ ነው እንዲህ የሚሆነው። ይህንኑ ነገርኩት።

«በረዶ ነው። ፍሪዘር ውስጥ ሌላ ምን ጠበቅህ?»

ለሁሉም ነገር በጥያቄ የሚመልስ ሰው ነው። ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ይባላል፤ የእኛው ፊሌቶ ስለነበረ አናት አልነበረውም፤ ቢያንስ ከረጢቱ ውስጥ።

ጥፋቱ የነጋዴው ብቻም አልነበረም። እዚያ አካባቢ መብራት ይሄዳል፤ ጄኔሬተሩ ደግሞ ነዳጅ እንዳይፈጅ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ እንዳይነሣ ታዟል። በቃል ብናገር የሚሰማኝ ስላልመሰለኝ አንድ ብርጭቆ ውኃ አርግቼ፣ ከበረዶው ላይ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጬ ፍሪዘሩ ውስጥ አኖርኩ። በረዶው ካልቀለጠ ሳንቲሙ ከላይ ይቆያል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሳንቲሙ ሥር ወርዶ፣ በረዶው ከላዩ ተዘግቶበት ነበር፤ የአንበሳው ራስ ከብርጭቆው ታች ሽቅብ ያየኛል። ወስጄ አሳየሁት። ወደ መስኮቱ አዙሮ ተመለከተውና «ብሯን ለምን አባከንካት?» አለኝ።

በሳምንቱ ቅሬታው ጀመረ። የመጀመሪያው አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ሳህኑን ሁለት ጊዜ ጎርሶበት መለሰውና ለአስተናጋጇ «ይሄ ዓሣ ዓሣ ዓሣ ይላል» አላት። እሷም ቃል በቃል አመጣችው። ባለቤቱ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ነበርና እኔን ቀድሞ መለሰ።

«ዓሣ ዓሣ ካላለ ምን ሊል ነው? በግ በግ?»

ወጥ ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝም ይኸው ነው። መልሱ የመጣልኝ ማታ ወደ ቤቴ ስሄድ፣ ታክሲ ውስጥ ነው። ትኩስ ዓሣማ ዓሣ ዓሣ አይልም፤ ውኃ ውኃ ነው የሚለው። ሐዋሳ አሞራ ገደል ላይ ሰው ዓሣውን በጥሬው በዳጣ የሚበላው ምን ሆኖ ይመስለዋል? ታክሲ ውስጥ የተመለሰ መልስ ግን ማንንም አይረታም፤ አጠገቤ የተቀመጡትን ሴትዮ ካልሆነ በቀር፤ እሳቸውም ብቻዬን ሳወራ ሰምተው ቦርሳቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ።

ከዚያ ወዲያ የምችለውን አደረግሁ። ከቆዳው ሥር በፊሌቶው መሐል የሚሄደውን ጠቆር ያለ ቀይ ሥጋ እየገፈፍኩ ጣልኩ፤ አብዛኛው ስብ ያለው እዚያ ነው፤ ስቡ ሲሻግት ደግሞ ቅዝቃዜው ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። በሎሚና በጨው አሸሁት። ሎሚ ያንን አፍንጫ የሚወጋውን ሽታ ይይዘዋል፤ ጭቃ ጭቃ የሚለውንም ያለዝባል። የሻገተ ስብን ግን ሎሚም አይመልሰውም። ጣዕሙ ምላስ ላይ የቆየ ዘይት ሆኖ ይቀራል።

የቀረኝ አንድ ዘዴ ነበር። የሆቴል ሙያ ስንማር መምህራችን ያሳዩን ነው፦ ዓሣውን ግማሽ ሰዓት ወተት ውስጥ መዘፍዘፍ። በወተቱ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ሽታውን ይዞ ከወተቱ ጋር ይደፋል። ጥሩ ዘዴ ነው። ችግሩ ዕለቱ የሁዳዴ ረቡዕ መሆኑ ነው።

እኔ ከጿሚዎቹ አይደለሁም፤ በጾም ወራት የቤቱ ቀማሽ የሆንኩትም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሦስት ፊሌቶ ብቻ ለራሴ ልሞክር ብዬ ሰማያዊ ሳፋ ውስጥ ከግማሽ ሊትር ወተት ጋር ጨምሬ ከሽንኩርቱ ጆንያ ኋላ ደበቅሁት። ወጥ ሠሪያችን እትዬ ከሩብ ሰዓት በላይ አልፈጀባቸውም።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ወተት ነው፣ እትዬ።»

«ወተት መሆኑንማ አየሁት። ለማን ነው?»

«ለሽታው ነው።»

«ሽታው አይጾም ይሆናል፤ ይጠጣ። የሚበላው ሰውዬ ግን ይጾማል።»

ለደንበኛ እንዳልሆነ፣ እኔው ቀምሼ እንደምተወው፣ ደግሞም በደንብ እንደሚታጠብ አስረዳሁ። «ልጄ፣ ወተት የነካው ቢታጠብም ፍስክ ነው» አሉና የራሳቸውን ቢላዋና መክተፊያ አንሥተው ወደ ማዶው ጠረጴዛ ተሻገሩ። ያንን ሳፋ እስከ ፋሲካ ድረስ እጃቸው አልነካውም።

ዓሣውን አጠብኩ፣ በሎሚ አሸሁ፣ ዱቄት ነስንሼ ጠበስኩ። ወርቅ መሰለ። ሳህን ላይ አድርጌ መስኮቱ ላይ እንዳስቀመጥኩት የጋዝ ሲሊንደር የሚያመጣው ልጅ ፈርምልኝ ብሎ ጠራኝ። ፈርሜ ስመለስ ሳህኑ የለም። ሰዓቱ ዘጠኝ ነው። ባለቤቱ ጾሙን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚይዘው፤ በዚህስ አላማውም። አስተናጋጇ «የጋሼ መስሎኝ ወሰድኩለት» አለችኝ።

ሮጥኩ። ስደርስ ሦስተኛውን እያገባደደ ነው። ጣቱን ላሰና ቀና ብሎ አየኝ።

«አላልኩህም? ዓሣው ምን ሆነ?»

አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም።

«ምን አደረግህበት? ሎሚ ነው?»

«ሎሚም አለበት፣ ጋሼ» አልኩት።

ስለዚያች «ም» ብዙ አስቤያለሁ። ግማሽ ሊትር ወተት ያለው እሷ ውስጥ ነው። «ሎሚም? ሌላስ?» ብሎ ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር፤ እንዲያውም እንዲጠይቀኝ ቆሜ ጠበቅሁ። ለሁሉም ነገር በጥያቄ የሚመልሰው ሰው የዚያን ቀን አንዲት ጥያቄ አጣ። እጁን ታጠበና «ከዛሬ ጀምሮ እንዲሁ ሥሩት፤ ፍሪዘሩ ላይ ታሳብባላችሁ እንጂ ነገሩ ሙያ ነው» ብሎ ወጣ።

እትዬ ባዶውን ሳፋ አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ።

«ነገርከው?»

«አልነገርኩትም።»

ወጡን አማስለው፣ ክዳኑን መልሰው፣ ትንሽ ቆዩ። «እሱ ሳያውቅ ነው የበላው፤ ኃጢአት የለበትም» አሉ። «ኃጢአቱ የማን እንደሆነ ግን አንተ ታውቀዋለህ።»

ከቀረው ዓሣ ደኅና ደኅናውን መርጠን በበርበሬና በነጭ ሽንኩርት ወጥ አደረግነው፤ የባሰውን ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት፤ ለባለቤቱ አልቋል ብለን ከዝዋይ ማስመጣት ጀመርን። ጄኔሬተሩም እንደታዘዘው ከአራት ሰዓት በኋላ ተኝቶ ያድር ነበር። ሳንቲሟን ግን ባለቤቱ በረዶውን አቅልጦ ከብርጭቆው ውስጥ ወስዷታል።

ዘንድሮ በዚያ በኩል ሳልፍ ከወንበሩ ተነሥቶ ጠራኝ። ስለ ቤተሰብ ጠየቀኝ፣ አዲሱን ምግብ አብሳይ አማልኝ፤ ከዚያ ክንዴን ይዞ «የዚያን ዓመት የበላሁትን ዓሣ የመሰለ ከዚያ ወዲህ ቀምሼ አላውቅም። ለመሆኑ ምን ነበር ያደረግህበት?» አለኝ።

«ሎሚ ነው፣ ጋሼ» አልኩት። በዚህኛው ዙር «ም»ዋንም ተውኳት።