የስልክ ጥሪውና የሻንጣው ጣጣ፦ ስለ ኤርዝባውንድ

በአብዛኞቹ የጃፓን ሮል ፕሌዪንግ ጌሞች (ተጫዋቹ የገጸ ባሕርይ ሚና ይዞ የሚጓዝባቸው የቪዲዮ ጨዋታዎች) ውስጥ ጀግናው ሰይፍ ታጥቆ፣ ቤተ መንግሥትና ዘንዶ ባለበት ዓለም ይዘምታል። እ.ኤ.አ. በ1994 በጃፓን «ማዘር 2»፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ በሰሜን አሜሪካ «ኤርዝባውንድ» ተብሎ ሱፐር ኒንቴንዶ ለተባለው የጨዋታ መሣሪያ የወጣው ጨዋታ ግን ኔስ የተባለውን ልጅ ቀይ ኮፍያ አስደፍቶና የቤዝቦል ዱላ አስይዞ ከእናቱ ቤት ያስወጣዋል። የሚገጥሙት ጠላቶችም ከቤት የኮበለሉ ውሾች፣ ተንኮለኛ ቁራዎች፣ ያበዱ ታክሲዎች፣ ሲያልፍም ትኩስ ቡና የያዘ ስኒ ናቸው። ሰዎቹና እንስሳቱ ሲሸነፉ አይሞቱም፤ ወደ ልቦናቸው ይመለሳሉ ወይም ይገራሉ።

ጨዋታውን የጻፈው ሺጌሳቶ ኢቶይ በጃፓን ስሙ የገነነው በማስታወቂያ ጸሐፊነት ነው፤ ይህም በእያንዳንዱ ንግግር ውስጥ ይታያል። በመንገድ ላይ የቆመ ማንም አላፊ አግዳሚ ቢያናግሩት ለታሪኩ ምንም የማይረባ፣ ነገር ግን ሰውየውን ሕያው የሚያደርግ አንዲት ዓረፍተ ነገር ይናገራል። እኔ በበኩሌ ወደ አዲስ ከተማ በገባሁ ቁጥር ሁሉንም ሳላናግር መውጣት አይሆንልኝም፤ ይህን ያህል ያጓጓኝ ሌላ ጨዋታም የለም።

ፍልሚያው በተራ የሚካሄድ የተለመደ ዓይነት ቢመስልም፣ አንድ ድንቅ ነገር ይዟል። በመሰል ጨዋታዎች ጠላት ከባድ ምት ሲያሳርፍ የሕይወት ነጥቡ በአንዴ ይወርዳል፤ እዚህ ግን ቁጥሩ እንደ መኪና ኪሎ ሜትር ቆጣሪ እየተሽከረከረ ነው የሚቀንሰው። 180 ነጥብ ያለው ኔስ 200 የሚቀንስ ምት ቢያርፍበት እንኳ ቆጣሪው ዜሮ እስኪደርስ ድረስ በሕይወት አለ፤ በዚያች አጭር ጊዜ ተጫዋቹ ፈጥኖ ከፈወሰው፣ ወይም የቀረውን ጠላት ከጣለ ልጁ ይተርፋል። ትእዛዝ መርጦ ተራ መጠበቅ ብቻ የነበረው ነገር በዚህ ምክንያት እጅ የሚያንቀጠቅጥ ሩጫ ይሆናል። በተቃራኒው፣ ኔስ ከጠላቱ እጅግ ከበረታ ፍልሚያው ጨርሶ ሳይከፈት ድሉ ይሰጠዋል፤ ደካማ ጠላቶች ገና ሲያዩት ይሸሻሉ።

ከሁሉ በላይ የምወደው ግን ስልኩን ነው። የኔስ አባት በጨዋታው ሁሉ አንድ ጊዜም በአካል አይታይም፤ ድምፁ የሚገኘው በስልክ ብቻ ነው። የጨዋታውን ሂደት ለማስቀመጥ እሱን መደወል ያስፈልጋል፤ በፍልሚያ የተገኘውንም ገንዘብ ባንክ የሚያስገባው እሱ ስለሆነ ከኤቲኤም ይወጣል። ብዙ ሰዓት ከተጫወቱ ደግሞ ራሱ ደውሎ ዕረፍት እንዲወስዱ ይመክራል። ልጁ እናቱን ሳያነጋግር ከቆየ የቤት ናፍቆት ያድርበታል፤ በፍልሚያ መሃል ተራው ደርሶ ሳለ ዱላውን ከመሰንዘር ይልቅ ስለ እናቱ ያስባል፤ መድኃኒቱም ለእናቱ መደወል ነው። ይህ ሁሉ ጊዜ የሚወስድና አንዳንዴም የሚያታክት አሠራር ነው፤ ሆኖም ድካሙ ትርጉም አለው፤ ዓለምን እንዲያድን የተላከው ሕፃን መሆኑን ተጫዋቹ እንዳይረሳ ያደርጋል። በአንድ ፏፏቴ ጀርባ የሚገኘው በርም እንዲሁ ነው፤ የይለፍ ቃል ሲጠየቁ መልሱ ምንም ቁልፍ ሳይነኩ 3 ደቂቃ ዝም ብሎ መቆም ነው።

የጨዋታው አፍቃሪዎች በዚህ ተነሥተው እንከኑን ሁሉ ሆን ተብሎ እንደተደረገ ሲከላከሉ አያለሁ፤ በዚህ አልስማማም። የሻንጣው ነገር ምንም ትርጉም የሌለው እንግልት ነው። እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ መያዝ የሚችለው 14 ዕቃ ብቻ ሲሆን የለበሰው፣ የታጠቀውና ለታሪኩ ግድ የሆነው ዕቃ ሁሉ ከዚያው ይቆጠራል፤ ስለዚህ አንድ ሳንድዊች ለመግዛት ምን ልጣል እያሉ ከዝርዝር ወደ ዝርዝር ሲመላለሱ ይውላሉ። ዕቃ የሚያስቀምጥና የሚያመላልስ ድርጅት ቢኖርም በስልክ ጠርቶ፣ ከፍሎ መጠበቅን ይጠይቃል። የእግር ጉዞው ዝግ ያለ ነው፤ መሮጫ ቁልፍ የለም። ብስክሌት ይሰጣል፤ ነገር ግን የሚነዳው ኔስ ብቻውን ሲሆን ብቻ ስለሆነ፣ የጉዞ ጓደኛው ፓውላ ከተቀላቀለች በኋላ በአብዛኛው ከጥቅም ውጭ ነው። ፓውላም ራሷ የምትመጣው ከደረጃ 1 ነውና በመጀመሪያዎቹ ፍልሚያዎች ደጋግማ ትወድቃለች፤ እስክትጠነክር መታገሥ ግድ ነው።

እነዚህን እንከኖች ስቆጥር ጨዋታው ተሠርቶ ማለቁ ራሱ ተአምር እንደነበር አልዘነጋም። ሥራው ለዓመታት ተጓትቶ ሊቀር ሲል፣ ኋላ የኒንቴንዶ ፕሬዚዳንት የሆነው ሳቶሩ ኢዋታ ገብቶ፣ ያለውን ለማስተካከል 2 ዓመት፣ ከሀ ለመጀመር ግን ግማሽ ዓመት ይበቃል ብሎ ነበር፤ ከሀ ተጀምሮም ዳር ደረሰ።

መጨረሻውን ማወቅ የማይፈልግ ይህችን አንቀጽ ይዝለላት። የመጨረሻውን ጠላት ጊይጋስን በዱላም በኃይልም ማሸነፍ አይቻልም፤ የሚረታው ፓውላ ስትጸልይ ነው። ጸሎቷ በጉዞው የተዋወቋቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ይደርሳል፤ እነሱም ለልጆቹ ይጸልያሉ። በስተመጨረሻ የሚጸልየው ራሱ ተጫዋቹ ነው፤ ጨዋታው ቀደም ብሎ፣ በሌላ ነገር መሃል ጠይቆ የመዘገበው እውነተኛ ስሙ በማያው ላይ ይወጣል። በየከተማው የተናገሩት እነዚያ ተራ ሰዎች ሁሉ ለምን እንደተጻፉ የገባኝ እዚህ ላይ ነው።

ኤርዝባውንድ ከ2022 ጀምሮ በኒንቴንዶ የደንበኝነት አገልግሎት፣ በኒንቴንዶ ስዊች ኦንላይን ይገኛል፤ እዚያ ላይ በፈለጉበት ቦታ ጨዋታውን ማስቀመጥ ስለሚቻል የአንዳንዱ ድካም ይቀላል። በ2006 የወጣው ተከታዩ ጨዋታ ማዘር 3 ግን እስካሁን ከጃፓን ውጭ በይፋ አልቀረበም፤ ይህም ከልብ ያሳዝነኛል። አዲስ ለሚጀምር የምመክረው አንድ ነገር ነው፤ ኔስ ብቻውን የሚጓዝበት የመጀመሪያው ከተማ ከሚከተሉት ብዙዎቹ ይከብዳልና፣ ቶሎ ቶሎ እየወደቁ ተስፋ ሳይቆርጡ ሦስተኛው የቡድኑ አባል ጄፍ እስኪቀላቀል ድረስ ይግፉበት።