አሲዱ እምቢ ካለ መጀመሪያ ውሃውን ጠርጥሩ

ሰሞኑን ደስ ብሎኛል። አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አንድ ላቦራቶሪ ከሞላሰስ (ከስኳር ፋብሪካ ከሚተርፈው ወፍራም ጥቁር ፈሳሽ) ሲትሪክ አሲድ (የሎሚን ኮምጣጣነት የሚሰጠውን አሲድ) ለማውጣት ስታገል ነበር። በሊትር ከ10 ግራም ፈቅ አልል ብሎ የቆየው ምርት አሁን 40 ግራም አልፏል። ፋብሪካዎቹ ከ100 ግራም በላይ ስለሚያወጡ መንገዱ ገና ነው። ግን ምን እንደለወጠው አውቄዋለሁና፣ በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ ላካፍላችሁ።

መጀመሪያውን ላሳጥረው። ስኳሩን ወደ አሲድ የሚቀይርልኝ ሻጋታ አስፐርጊለስ ናይጀር ነው፤ ሽንኩርት ላይ የምናየው ጥቁሩ። ሞላሰስ ከወንጂም ከመተሐራም ይወጣል። ግማሽ ያህሉ ስኳር ስለሆነ፣ በሊትር 150 ግራም ስኳር እንዲይዝ አድርጌ አቀጥነዋለሁ። ሙቀቱ 30 ዲግሪ ነው። ስፖሩ (የሻጋታው ዘር) እንዲበቅል ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲድነቱ ይበረታል) ከ5 በላይ አስጀምረዋለሁ፤ ከዚያ ሻጋታው የናይትሮጅን ምግቡን አሞኒየሙን ሲጠቀም ራሱ ከ3 በታች ያወርደዋል። ሳይወርድ ከቆየ ኦክሳሊክና ግሉኮኒክ አሲድ ይቀላቀሉበታል። ብዙ ስኳርና ዝቅተኛ ፒኤች እንደሚያዋጣ አሜሪካዊው ኬሚስት ጄምስ ከሪ በ1917 እ.ኤ.አ. አሳይቷል፤ ፋይዘርም ከሁለት ዓመት በኋላ ማምረት ጀመረ።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም አሲድ አልነበረም። ሻጋታው ግን ያምራል፣ ይፋፋል። ችግሩም እሱ ነው። ይህ ፍጥረት ሲመቸው ስኳሩን ለራሱ አካል ያውለዋል፤ አሲዱን የሚያፈሰው እድገቱ ሲያዝ ነው። እድገቱን ከሚይዙት ነገሮች ዋናው ደግሞ ማንጋኒዝ የሚባለው ብረታ ብረት እጥረት ነው።

መጠኑን ስሙልኝ። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ እንዲኖር የሚፈቅደው ማንጋኒዝ በሊትር እስከ 80 ማይክሮግራም ነው። የሲትሪክ አሲዱን ምርት ለማበላሸት ግን በሊትር ጥቂት ማይክሮግራም ይበቃል። ስለዚህ ለእኛ ጤነኛ የሆነ ውሃ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የአዲስ አበባ ቧንቧ ውሃ ደግሞ ከለገዳዲ፣ ከድሬ፣ ከገፈርሳና ከአቃቂ ጉድጓዶች ነው የሚመጣው። ዛሬ የቀዳችሁት ከሳምንት በኋላ ከምትቀዱት ጋር አንድ ላይሆን ይችላል። ለሁሉም ነገር ዲስቲልድ (ተንኖ የተጣራ) ውሃ ተጠቀሙ። ፍላስኩንም በቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አጥባችሁ፣ በዚያው ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁት።

ሞላሰሱ ራሱ በብረት፣ በዚንክና በማንጋኒዝ የተሞላ ነው። እኔን ያወጣኝ ፖታሲየም ፌሮሳያናይድ የሚባል ጨው ነው። ሞላሰሱ ትኩስ እያለ፣ ፒኤቹም ወደ 7 ተጠግቶ እያለ ይጨመራል፤ ብረታ ብረቱን ይዞ ይዘቅጣል፤ ከዚያ ይጣራል። መጠኑን ለእያንዳንዱ ጀሪካን አዲስ መፈተን ግድ ነው። ካነሰ ማንጋኒዙ ይቀራል፣ ከበዛ ሻጋታው አይበቅልም። አደራ የምላችሁ አንድ ነገር አለ፦ ፌሮሳያናይድን ከጠንካራ ትኩስ አሲድ ጋር እንዳታገናኙት። መርዛማ የሳያናይድ ጋዝ ይወጣል። ጭስ መሳቢያው ስር ብቻ ሥሩ።

መሳካቱን ታይትሬሽን (አሲዱን በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ መለካት) ሳትሠሩ በዓይናችሁ ታውቃላችሁ። ማንጋኒዝ ካለ ሻጋታው ረጃጅም ክር ሆኖ ፍላስኩን ያጨናንቃል። ከሌለ ከጤፍ ፍሬ የማይበልጡ ድቡልቡል እንክብሎች ይሆናል። እነዚያን ያየሁ ቀን ምሳ አልበላሁም፣ እያገላበጥኩ ሳያቸው ዋልኩ።

እዚህ ላይ አንድ አቋም አለኝ። ብዙዎቻችን ሙቀት፣ ፒኤች፣ ስኳርና ናይትሮጅን ደርድረን ኮምፒውተሩ ምርጡን ነጥብ እንዲያወጣልን እናደርጋለን። ዘዴው ጥሩ ነው። ግን ማንጋኒዝ ሰንጠረዡ ውስጥ ከሌለ፣ የሚወጣው ምርጥ ነጥብ የዚያች አንድ ጀሪካን ሞላሰስ ምርጥ ነጥብ ነው። ሌላ ጀሪካን ሲከፈት ይፈርሳል። መጀመሪያ ብረታ ብረቱን አውጡ፣ ስታቲስቲክሱ ከዚያ ይድረስ።

ከተማችንም የራሷ ጣጣ አላት። ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት ሩብ ያህል ያንሳል፤ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ። ከባሕር ዳርቻ ከተማ የመጣ ጽሑፍ ላይ ያለውን የሼከር (ፍላስኩን እየናጠ አየር የሚያስገባው ማሽን) ፍጥነት እንዳለ አትውሰዱ። እኔ በ250 ሚሊ ሊትር ፍላስክ ከ50 ሚሊ በላይ አልሞላም። አውቶክሌቩም (በእንፋሎት ጀርም መግደያው) 15 ፒኤስአይ ግፊት ላይ 121 ዲግሪ አይደርስም፤ 117 አካባቢ ነው። ሰዓቱን ጨምሩለት።

መብራት ግን እስካሁን አሸንፎኛል። አየር ለአጭር ጊዜ እንኳ ሲቋረጥ ሻጋታው ማደጉን ይቀጥላል፣ አሲድ የማምረት አቅሙ ግን ይወድቃል፤ አየሩ ሲመለስም እሱ አይመለስም። ሼከሩ የቆመበትን ፍላስክ ከውጤቱ አወጣዋለሁ፣ ቢያናድደኝም።

ስትለኩ ደግሞ ታይትሬሽኑን ብቻ አትመኑ። 0.1 ኖርማል ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በ1 ሚሊ ሊትር 6.4 ሚሊግራም ሲትሪክ አሲድ ይቆጥራል፤ ሌላውንም አሲድ ግን አብሮ ይቆጥራል። ለመለየት ካልሲየም ጨምሩበት፦ ካልሲየም ሲትሬት ትኩስ ውሃ ውስጥ ከቀዝቃዛው የበለጠ ይዘቅጣል። ኦክሳሌት ግን ቀዝቃዛውም ውስጥ ይዘቅጣል። ይህን ፈትሻችሁ ቁጥራችሁን ጻፉ።

ቀጣዩ ሐሳቤ ፌሮሳያናይዱን በካታዮን ሬዚን (ብረታ ብረትን ይዞ በሚያስቀር ማጣሪያ) መተካት ነው። እዚህ ከተማ የሚሸጥበትን የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ። ያጣራሁት ሞላሰስ ተርፎኛል፣ መሞከር ለሚፈልግ እሰጣለሁ።