ለኪንግስኔክ የሚስማማ ሙቀት በአዲስ አበባ ቤት ውስጥ

አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኘው ቤቴ ሳሎን ውስጥ አንድ የካሊፎርኒያ ኪንግስኔክ አሳድጋለሁ። መርዝ የሌለው፣ ጥቁርና ነጭ ቀለበት ያለው የሰሜን አሜሪካ እባብ ነው። በተፈጥሮ መኖሪያው ሌሎች እባቦችን፣ መርዘኛውን ራትልስኔክ ሳይቀር፣ እየተጠመጠመ ስለሚበላ «እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ» የሚለው ተረት ለእርሱ የተተረተ ይመስላል፤ በዚሁ ምክንያት ምንጊዜም ለብቻው ይቀመጣል። እንግዶቼ ሁሉ የሚጠይቁኝ ይናከስ እንደሆነ ነው። እኔን ግን ከንክሻው ይልቅ የሚያሳስበኝ የሚኖርበት የመስታወት ሳጥን ሙቀት ነው።

እባብ የሰውነቱን ሙቀት የሚያስተካክለው ሲበርደው ወደ ሞቀው፣ ሲሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ቦታ በመሄድ ስለሆነ፣ ለመላው ሳጥን አንድ ቁጥር መወሰን አይጠቅመውም። በአንደኛው ጫፍ ወለሉ ከ29 እስከ 31 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በሌላኛው ጫፍ ከ22 እስከ 25 ዲግሪ ቢሆን ይስማማዋል፤ ሌሊት ቀዝቃዛው ጫፍ እስከ 20 ዲግሪ ቢወርድ ጤነኛ እባብ አይጎዳም። መደበቂያም በሁለቱም ጫፎች ያስፈልጋል፤ በአንዱ ብቻ ከሆነ እባቡ ከሙቀት ይልቅ መሸሸግን ይመርጥና እየበረደው እዚያው ተጠቅልሎ ይቀራል።

እነዚህ ቁጥሮች በየመመሪያው ይገኛሉ። ይሁን እንጂ መመሪያዎቹ በአብዛኛው የተጻፉት ቤት በክረምት በማሞቂያ በሚሞቅባቸው አገሮች ስለሆነ፣ የክፍሉ አየር ከ20 ዲግሪ እንደማይወርድ አድርገው ይነሣሉ። እኛ ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ማሞቂያ በሌለው የብሎኬት ቤት ውስጥ ነው የምንኖረው። በሐምሌና በነሐሴ ፀሐይ ሳትወጣ ትውላለች፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ቀኑ ብሩህ ቢሆንም የሌሊቱ ብርድ ውጪ ከ10 ዲግሪ በታች እየወረደ ግድግዳውን ያቀዘቅዘዋል። ስለዚህ በአዲስ አበባ አስቸጋሪው ሞቃቱ ጫፍ ሳይሆን ቀዝቃዛው ነው። ከሳጥኑ ሥር የሚነጠፈው ማሞቂያ ወለሉን እንጂ አየሩን እምብዛም አያሞቅም፤ በአንደኛው በኩል 31 ዲግሪ እየተነበበ በሌላኛው በኩል አየሩ 16 ዲግሪ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ከሁሉ በፊት የምመርጠው ሙቀት መጨመርን ሳይሆን ያለው እንዳያመልጥ ማድረግን ነው። ቴሌቪዥን ታሽጎ የሚመጣበትን ነጭ ፎም በሳጥኑ ጀርባና በሁለቱ ጎኖች በውጪ በኩል መለጠፍ፣ የወንፊት ክዳኑን ለአየር መግቢያ የሚበቃ ክፍተት ትቶ መሸፈን፣ ሳጥኑንም ከሲሚንቶ ወለልና ከመስኮት አርቆ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ወጪ የለውም ማለት ይቻላል። ይህ ካልበቃ ብርሃን የማይሰጥ የሴራሚክ ማሞቂያ፣ እባቡ እንዳይነካው በሽቦ ታጥሮ፣ ከላይ ይጨመራል። ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ ቀይ አምፖል ግን አልወድም፤ ጨለማውን ይነሣዋል። እናቴ ይህን ሁሉ ዝግጅት አይታ «እኛ ጋቢ ደርበን እሱ በማሞቂያ ይተኛል?» ያለችው ሳይረሳ፣ አሁን በመጣች ቁጥር ቁጥሩን አንብባ የምትነግረኝ እርሷ ናት።

ማንኛውም ማሞቂያ ያለ ቴርሞስታት፣ ማለትም ሙቀቱን እየለካ ማሞቂያውን ከሚያበራና ከሚያጠፋ መሣሪያ ውጪ፣ መሰካት የለበትም። ከሥር የሚነጠፈው የማሞቂያ ምንጣፍ ቁጥጥር ከሌለው ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ እባብ ደግሞ ሆዱ ሥር ያለው ነገር እያቃጠለው ሳይሸሽ ሊተኛበት ስለሚችል ቁስሉ የሚታየው ዘግይቶ ነው። ለጫጩት መፈልፈያ የሚያገለግለው ዓይነት ዲጂታል ቴርሞስታት ለዚህም ይሠራል። ዋናው ነገር የመለኪያው ሽቦ ጫፍ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ከሆነ እባቡ ገፍቶት ወደ ቀዝቃዛው በኩል ሊወስደው፣ ወይም የመጠጫው ውሃ ሊፈስበት ይችላል፤ ያን ጊዜ መሣሪያው ብርድ እያነበበ ምንጣፉን ያለማቋረጥ ያግለዋል። ስለዚህ ጫፉን በምንጣፉና በመስታወቱ መካከል አጣብቄ፣ የውስጡን ወለል በሌላ ቴርሞሜትር እያየሁ ቁጥሩን አስተካክላለሁ። ሳጥኑ ውስጥ ፕላስተር አይለጠፍም፤ ቅርፊቱ ላይ ከተጣበቀ ቆዳውን ይዞ ይነሣል።

ኪንግስኔክ መሬት እየቆፈረ መግባት ስለሚወድ መለካት ያለበት የሳጥኑን ወለል ከሸፈነው ንጣፍ በላይ ሳይሆን ሥሩ፣ መስታወቱ ላይ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ በየሕንጻው በር ግንባራችን ላይ ይደቀን የነበረው መለኪያ ለሰው ሰውነት የተስተካከለ በመሆኑ ቀዝቃዛውን ጫፍ በትክክል አያነብም፤ ለዕቃ መለኪያ የተሠራው የኢንፍራሬድ ዓይነት ግን ጥሩ ነው።

ቁጥሩ ትክክል ቢመስልም እባቡን ማየት አይቀርም። ቀንም ሌሊትም ከሞቃቱ ጫፍ የማይነቃነቅ ከሆነ የቀረው ሳጥን በርዶታል፤ ውሃ ሳህኑ ውስጥ ተዘፍዝፎ የሚውል ከሆነ ሞቆት፣ አለዚያም ቅርፊቱን ሊለውጥ ተቃርቦ ወይም ተባይ ይዞት ሊሆን ይችላል። አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ፣ አፍንጫው ላይ አረፋ የሚታይበት ከሆነ የመተንፈሻ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት ይገባል።

ከበላ በኋላ ያሉት ሁለት ቀናት ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻሉ። ሙቀት ካጣ ምግቡ ሳይፈጭ ሆዱ ውስጥ ይበሰብስና ይተፋዋል፤ ከተፋ ደግሞ ሌላ ከመስጠት በፊት ሁለት ሳምንት ገደማ ሆዱን ማሳረፍ ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ሳጥኑን በብርድ ልብስ ሸፍኖ፣ የሞቀ ውሃ የሞላ ሃይላንድ በፎጣ ጠቅልሎ በሞቃቱ በኩል ማስገባት ለጥቂት ሰዓታት ይበቃል። ሆዱ ባዶ የሆነ ትልቅ እባብ ግን አንድ ሌሊት 16 ዲግሪ ውስጥ ቢያድር ምንም አይሆንም፤ በአገሩም ክረምቱን የሚያሳልፈው ከዚህ በሚበርድ ጉድጓድ ውስጥ ሳይበላ ነው። በሰፈሩ መብራት እንደሚቋረጥ ማስታወቂያ በተነገረበት ሳምንት የማደርገው ነገር ቢኖር የምመግበውን አይጥ ሳልሰጠው ፍሪዘር ውስጥ ማቆየት ነው።