ቁልፍ አለው?

ፍቺው ሲያልቅ የልጄ አባት «በየእሁዱ ልውሰዳት» ብሎ ለፍርድ ቤት አመለከተ። ልጄ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነው። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ላይ የወንድ ኮቴ ስትሰማ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ትቀንሳለች። ኮቴው አልፎ ወደ አራተኛ እስኪወጣ ትንፋሽ የላትም። ይህን እያየሁ ምን ብዬ ልጠይቃት? ለዳኛዋ «ልጄ እሱን ማየት አትፈልግም» አልኩ።

የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። መፍራትና አለመፈለግ ለየቅል ናቸው።

ዳኛዋ የፍርድ ቤቱ ሶሻል ወርከር ልጄን ለብቻዋ እንድታነጋግራት አዘዙ። የዚያን ቀን ጠዋት ጸጉሯን እየሠራሁላት «እውነቱን ንገሪያት፣ እሺ?» አልኳት። የትኛውን እውነት እንደምፈልግ ግን ከድምፄ ታውቀዋለች። ዝም አለችና «እኔ ከተናገርኩ አባዬ ይታሰራል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

መልሱን ያገኘችው ከሶሻል ወርከሯ ነው። ገና ከክፍሉ ሳልወጣ እንዲህ አለቻት፦ «የሚወስኑት ዳኛዋ ናቸው፣ አንቺ አይደለሽም። ከነገርሽኝ ውስጥ የቱን ለእሳቸው እንደማደርስም ቀድሜ እነግርሻለሁ።» የልጄ ትከሻ ሲላላ አየሁት።

«እናትሽን ነው አባትሽን?» የሚል ጥያቄ አልነበረም። እሁድ እንዴት ቢሆን ደስ እንደሚላት ነው የጠየቀቻት። በኋላ በልጄ ፈቃድ ነገረችኝ። የልጄ የመጀመሪያ ጥያቄ «የቤታችን ቁልፍ አለው?» የሚል ነበር። አባቷን ማየት ትፈልጋለች። ግን ቃሊቲ፣ አያቷ ቤት። «የእማማ በር አይዘጋም» ብላለች። እውነቷን ነው፤ እዚያ ቡና አይጠፋም፣ ጎረቤት ሲገባ ሲወጣ ነው የሚውለው። ደግሞ ስለ እኔ እንዳይጠይቃት ትፈልጋለች። እኔ ይህን ሁሉ አስቤው አላውቅም።

ማየት እፈልጋለሁ ስላለች አደጋው ጠፋ ማለት አይደለም። ደህንነቷን መጠበቅ የትልልቆቹ ሥራ ነው። ስለዚህ አባቷ ያደርስ የነበረውን ድብደባ የሚያሳይ የሕክምናና የፖሊስ ማስረጃ ለችሎቱ አቀረብኩ። ትእዛዙም በወር ሁለት እሁድ፣ በቀን ብቻ፣ አያቷ ባሉበት ሆነ። ዳኛዋ ያሉትን እኔው ቤት ተቀምጬ አስረዳኋት፤ የትኛው ሐሳቧ እንደተወሰደ ጭምር። የበሩንም ቁልፍ ቀየርኩ።

«ልጅ ምን ያውቃል?» ያሉኝ ሽማግሌዎች ነበሩ። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 113 ግን ዳኛ ስለ ልጅ አስተዳደግና ጉብኝት ሲወስን የልጁን ዕድሜና ጥቅም እንዲያይ ያዛል። አገራችን የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽንም አንቀጽ 12 ላይ ልጅ በሚነካው ጉዳይ፣ በፍርድ ቤትም ቢሆን፣ ይደመጥ ይላል።

በሦስተኛው ወር «እማማ ቤት ላድር» አለችኝ። አይሆንም ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ምን ቢሆን ነው የምታድሪው?» አልኳት። «አክስቴ አብራኝ ከተኛች» አለች። ለሚቀጥለው የፍርድ ቤት ቀጠሮ ይህንኑ ይዤ እሄዳለሁ፤ እሷ እንዳለችው።